የቤተ ልሔሙ ተርታ

አያ አወቀ ያን ቅዳሜ ጧት የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ ሰላም አይለውም ነበር። ምን ሲደረግ! በወይኑ የመጣበትን ሰው ቀብሩ ላይ ለመቆም እንኳ ያንገራግራል። ግን የሠራው ራሱ ነው። በገዛ እጁ፣ በገዛ አፉ፣ ፀሐይ ገና ከተራራው ጀርባ ብቅ ሳትል፣ አንዲት የወይን ፍሬ ከዘለላዋ ነጥሎ አፉ ውስጥ ጣለ። ጥርሱን አሳረፈባት። ጣፈጠችው። ወዲያው የካቡን ድንጋይ ይዞ ቆመ።

አንዲት የወይን ፍሬ ምናላት የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የዚያን አገር ሕግ ስለማያውቅ አይፈረድበትም፤ ቁጭ ይበልና ይስማ።

ከትክል ድንጋይ ከተማ ወረድ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሄዱ፣ አንዲት የገጠር ማርያም አለች። ከቅጥሯ ሥር ሰባት ተርታ ወይን አለ። ስድስቱ ተርታ የሰው ነው። ከአስተርዮ ማርያም ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የአካባቢው ሰው ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ ከጎንደርም ቤተሰብ በማኪና ይመጣል፤ ልጆቹ ይለቅማሉ፣ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ አፋቸውንም ልብሳቸውንም አበለሻሽተው ቅርጫታቸውን ሞልተው ይሄዳሉ። ሰባተኛው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ጋር የተጠጋው፣ የቤተ ልሔሙ ተርታ ይባላል። ቤተ ልሔም ኅብስቱና ወይኑ ለቁርባን የሚሰናዳበት ቤት ነው። የዚያ ተርታ ፍሬ ደርቆ ዘቢብ ይሆንና፣ ዘቢቡ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ወደ መቅደስ ይገባል።

ሕጉ አንድ ነው። በኩራቱ፣ የመጀመሪያው ፍሬ ማለት ነው፣ ተቆርጦ ቄሱ እስኪባርኩት ድረስ ከዚያ ተርታ ማንም አይቀምስም። ወፍ ቢቀምስ ወፍ ነው፤ ዝንጀሮም ቢገባ ዝንጀሮ ነው፣ ይባረርና ይረሳል። የሰው አፍ ከነካው ግን፣ አንዲት ፍሬም ብትሆን፣ የዚያ ዓመት ተርታ ለመቅደስ አይሆንም፤ ለልጆች ይለቀቃል። ይህን ሕግ ከአያ አወቀ አብልጦ የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አስማረ የሚባል ጎረቤቱ ጠላ ጠጥቶ ሲያልፍ በካቡ ላይ እጁን ሰዶ ሁለት ፍሬ ቢቀምስ፣ በደጀ ሰላም አቁሞ ያጋለጠው አያ አወቀ ነው። አስማረ ከዚያ ወዲህ ስሙ «ቀማሹ» ነው። ልጁን ሲድር እንኳ «የቀማሹ ልጅ ተዳረች» ነው የተባለው። ኧረ እንዲህ ያለ ስም አያድርስ!

እና አሁን አያ አወቀ ራሱ ቀማሽ ሆነ።

ለምን ቀመሰ? ርቦት አይደለም። ጉድ የሠራው ዐይኑ ነው። ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ አቧራ መሰለው፣ ቀጥሎ ጭስ መሰለው፣ በኋላ ግን አቧራውም ጭሱም አልገለጥ አለ። ሰው ፊቱ መጥቶ ድምፁን እስኪያሰማ ድረስ ማን እንደሆነ አይለየውም። ለማንም አልተናገረም። መንገዱን እግሩ ያውቀዋል፣ ሐረጉን ጣቱ ያውቀዋል፤ ማን ይነቃበታል? ያለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ የጎንደሩ መንገድ ተዘግቶ በዓሉ አልተከበረም ነበርና ቀን የሚቆርጥበት ሰው አልነበረም። ፍሬው ከሐረጉ ላይ እስኪሸበሸብ ጠብቆ በዳበሳ ቆረጠው፤ እንዲያ ሲሆን አይሳሳትም።

ዘንድሮ ግን መንገዱ ተከፈተ። የበዓሉ አዘጋጅ መምህር መልካሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጣና፣ «አያ አወቀ፣ ከአስተርዮ ቀጥሎ ላለው ቅዳሜ ይደርሳል አይደል? የጎንደሮቹን ኑ ልበላቸው?» አለው። አያ አወቀ አንድ ዘለላ ወደ ዐይኑ አስጠግቶ አገላበጠ። ያየው አመድ ነው።

«ይደርሳል» አለ።

ምን ይበል? የወይን ጠባቂ ሥራው ማየት ነው። ሳይቀምስ በመልኩ መለየት አለበት፤ ቀላ ያለው ገና ነው፣ የጠቆረው ደርሷል። የማያይ ጠባቂ ምኑን ይጠብቃል? ቢታወቅበት ወይኑን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል። ይህ ደግሞ ለአያ አወቀ ከሞት አይሻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ አወቀ በጉብዝናው ወራት ጎንደር ከተማ ዲያቆን ነበር። ድምፁ ሸጋ፣ ትምህርቱ የበሰለ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይቀስሳል የተባለ። ከዚያ የትነበርሽን አየ። የትነበርሽ በዐሥራ አራት ዓመቷ አምባ ጊዮርጊስ ተድራ፣ ከባሏ ተፋታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ፈት ነበረች። ዲያቆን ፈት ካገባ ዲቁናው ይፈርሳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። መምህሩ መከሩት፣ አባቱ ሊረግሙት ተነሡ፣ ከእሱ በታች ይማር የነበረው ኪዳነወልድ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እሱ እቴ! ዐይኑ እያየ አገባት። ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከአንድ አጥቢያ ቅጥር ቆርጦ ያመጣውን የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣና ከማርያም ካብ ሥር ተከለው።

«እኔ መቅደስ ባልገባ፣ እጄ ያበቀለው ይገባል» አለ።

ገባም። ከተተከለ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፍሬ ከያዘ ወዲህ፣ ከአስማረ ዓመት በቀር፣ በየእሑዱ ከበሩ ቆሞ ደወሉ ሲደወል «የኔ ነው የገባው» እያለ ሆዱ ይሞቀው ነበር። ሌላ ሀብት የለውም፤ ሌላም አልፈለገም።

በመጀመሪያው በጋ ከወንዝ በእንስራ ውሃ እየተሸከመች ችግኞቹን ያጠጣችው የትነበርሽ ናት። አንድ ቀን ግን እንስራውን ከነውሃው በሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እግሯ የወይኑን በር አልፎ አያውቅም። ምሳውን በካቡ ላይ ታቀብለዋለች፤ ነገር ካላት ከውጭ ሆና ትጣራለች። አያ አወቀ «ለመሥዋዕቱ ክብር ብላ ነው» እያለ ይመካባት ነበር። ምነው ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም።

እንግዲህ ያን ጧት ቆሞ ዘለላውን ሲዳብስ ሌሊቱን ያደረው ብርድ ፍሬውን ሁሉ አጠንክሮታል፤ የደረሰው ካልደረሰው በጣት አይለይም። አሸተተ፣ ያው ነው። ወደ ሰማዩ አንሥቶ አየ፣ ያው አመድ ነው። ጭንቅ ያዘው። ሌሎቹን ተርታዎች ቢቀምስም አይረዳውም፤ ይኼኛው የካቡ ጥላ ስላለበት ለብቻው ነው የሚደርሰው። ጥሬ ወይን ዘቢብ አይሆንም፤ ማሰሮ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። በቤተ ልሔሙ ማሰሮ ያለው የአምናው ዘቢብ ደግሞ ለሁለት እሑድ እንጂ አይበቃም። ቢሳሳትስ? ጥሬውን ባርከው አድርቀው፣ ኋላ ቄሱ ማሰሮውን ከፍተው ሻጋታ ቢያገኙስ? ይህን እያሰበ ነው እጁ ወደ አፉ የሄደው።

«አወቀ!» የሚል ድምፅ ከካቡ ማዶ ሲመጣ ክው አለ።

የትነበርሽ ናት። «እንግዶቹ ደርሰዋል። ሁለት ማኪና ከመንገዱ ላይ ቆሟል።»

አየችው ይሆን? ፊቷን ሊያነብ ዞረ፤ የታየው ነጭ ነጠላ ብቻ ነው።

«መጣሁ» አለ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምን እሆናለሁ!»

«እንጃ። ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«ብርዱ ነው» አለና አፉን በጋቢው ጠረገ። ጣዕሙ ግን ከምላሱ አልለቅ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀው ነገር እንዲህ መጣፈጡን ሳያውቅ ቢኖር ይሻለው ነበር።

በሦስት ሰዓት ግቢው ሞላ። የሁለት ዓመት ናፍቆት ነው፤ ሰዉ ሲተያይ መሳቅም ማልቀስም ያምረዋል። ልጆቹ ካብ ለካብ ይሯሯጣሉ። ከሴቶቹ ወገን ዳቦ በየአገልግሉ ተደርድሯል። መምህር መልካሙ ሞንታርቦ ተክሎ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል፤ ማንም አይሰማውም። አስማረ በሩ ላይ ቆሞ ለልጆቹ ቅርጫት ያድላል። አያ አወቀ ከቤተ ልሔሙ ተርታ ፊት፣ እንደ ልማዱ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሰው እየመጣ ጉልበቱን ሊስም ያጎነብሳል። በሳሙት ቁጥር ፊቱን ወደ ካቡ ይመልሳል።

ሊናገር አሰበ። እግሩን አንሥቶ ወደ መልካሙ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ የልጆቹን ጫጫታ ሰማ፤ ከጎንደር ድረስ የመጣውን ሰው፣ ባዶውን ማሰሮ፣ የአስማረን ስም አሰበና ተመለሰ። አንዲት ፍሬ ናት፤ ማን አየ? ማርያም ጭንቀቱን ታውቃለች። እንዲህ እያለ ራሱን ያባብላል። ራሱ ግን አልባበልም አለ።

በዚህ መሐል አንዲት ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ መጥታ ጋቢውን ያዘች። ናዝራዊት ትባላለች፤ ከእናቷ ጋር ከጎንደር የመጣች ናት።

«አባባ፣ ይኼኛው ነው የማይነካው?»

«አዎ ልጄ። ካህኑ እስኪመጡ ነው፤ ትንሽ ታገሺ።»

«ይጣፍጣል?»

«ደርሷል» አለ።

«ካልቀመሱት በምን አወቁ?»

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። መምህር መልካሙ ይህን ሰማና አገኘሁ ብሎ የሞንታርቦውን ማይክ ይዞ ተነሣ። «ጥሩ ጥያቄ! ወገኖቼ፣ ስሙኝማ! አያ አወቀ የሚያውቀው በዐይኑ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ተርታ አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ! እንደ ቀማሹ መስሏችኋል?» ሰዉ ወደ አስማረ እየዞረ አውካካ። አስማረም እንደ ልማዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ከዚያ ጭብጨባው ለአያ አወቀ ሆነ። እናቶች እልል አሉ።

«አልቀመስሁም» አለ አያ አወቀ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ከአፉ ሲወጣ ራሱን ጠላ። ጧት የቀመሰው ጨንቆት ነው ይባል፤ ይህን የዋሸው ግን ለማን ነው? ለአንዲት ሕፃን! ልጅቱ ደግሞ አምናው እጁን ይዛለች። መዳፉ ላይ ያለችው ትንሽ እጅ አቃጠለችው።

ቃጭል ተሰማ። ሰዉ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀ። ቄስ ኪዳነወልድ ካባቸውን ለብሰው፣ በጃንጥላ ሥር፣ ከኋላቸው አዲስ ሌማት የተሸከመ ዲያቆን አስከትለው ገቡ። ያ እግሩ ላይ ወድቆ ያለቀሰው ኪዳነወልድ ዛሬ የደብሯ አስተዳዳሪ ናቸው። ጢማቸው ነጥቷል፤ ለአያ አወቀ ግን ድምፃቸው ያው የልጅነቱ ድምፅ ነው።

«እንደምን አደርህ አወቀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ።»

መቀሱን አቀበሉት። በኩራቱን የሚቆርጠው ጠባቂው ነው። ከመቁረጡ በፊት ግን ቄሱ ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል፣ እሱም ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ ይህ ሳይሆን መቀስ ሐረግ አይነካም። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። ልጆቹም ዝም አሉ። ከወይኑ በታች ካለው ገደል ሥር የሚፈሰው ውሃ ይሰማ ጀመር።

«ጠባቂ፣ ተጠብቋል?»

«ተጠብቋል» አለ አያ አወቀ። ልምድ ነው የመለሰለት፤ በየዓመቱ የተባለ ቃል አፍ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅ።

«ጠባቂ፣ ተጠብቋል?»

«ተጠብቋል።» ይኼኛው ግን ልምድ አልነበረም።

ሦስተኛው ቀረ። አንድ ቃል ብሎ መገላገል ነው፤ መቀሱ ቀጭ ይላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ማሰሮው ይሞላል። እሑድ ከበሩ ይቆማል፣ ደወሉ ይደወላል። «የኔ ነው የገባው» ሊል ነው። ምኑ ነው የሚገባው? ውሸቱ። ውሸቱ በጽዋ ሆኖ ሊገባ ነው፤ ሕዝቡም ጾሞ ሊቀበለው።

«ጠባቂ» አሉ ቄሱ ለሦስተኛ ጊዜ፣ «ተጠብቋል?»

አያ አወቀ መቀሱን ከእጅ ወደ እጁ አዛወረ። ሰዉ ጠበቀ። ከሴቶቹ ወገን አንድ ልጅ አሳለና እናቱ አፉን ያዘችው።

«አወቀ» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ምነው?»

«አልተጠበቀም» አለ።

«ምን አልህ?»

«አልተጠበቀም አባ። ቀምሻለሁ። ዛሬ ጧት፣ በዚህ እጄ። አንዲት ፍሬ።»

መምህር መልካሙ ፈጥኖ፣ «አያ አወቀ ጨዋታ ያውቃል እኮ!» ብሎ ለመሳቅ ሞከረ፤ ማንም አልተከተለው።

«ጨዋታ አይደለም» አለ አያ አወቀ። «ዐይኔ ጠፍቷል። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው አላይም፣ ፍሬ አላይም። መድረሱን ማወቅ አቃተኝና ቀመስሁ። ወይኑን እንዳትነጥቁኝ ፈርቼ ደበቅኋችሁ። ይህችን ልጅም ዋሽቻታለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ቄስ ኪዳነወልድ ጠጋ አሉት። «አወቀ፣ ማሰሮው ውስጥ ያለው ለሁለት እሑድ ነው» አሉት በሹክሹክታ። ሊያስፈራሩት አይደለም፤ እሳቸውም ጨንቋቸዋል።

«አውቃለሁ አባ። ሕጉንም አውቃለሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። «አስማረ! የት ነህ?»

«አለሁ» አለ አስማረ ከቅርጫቶቹ መሐል።

«በደጀ ሰላም አቁሜ ያዋረድሁህ እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስምህን አጥፍቻለሁ። ስለ ማርያም ብለህ ይቅር በለኝ።»

አስማረ ቅርጫቱን ከእጁ አስቀመጠ።

«እኔስ የቀመስሁት ጠግቤ ነው፣ አንተ ግን ጨንቆህ ነው» አለ። «ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀማሹ ብለው ሲጣሩ ሁለታችንም አቤት ማለታችን ነው!»

ሳቅ ፈነዳ። አያ አወቀም ሳይወድ ሳቀ፤ እንባው ግን በሳቁ ላይ ወረደ። ቄስ ኪዳነወልድ መስቀላቸውን አንሥተው ሰዉን ጸጥ አሰኙና ፈረዱ፤ ሕግ ሕግ ነው፣ የዘንድሮው የቤተ ልሔም ተርታ ለልጆች ተለቋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ማን ያቁማቸው? እንደ ጎርፍ ገቡበት። አያ አወቀ የቅጠሉን መንኮሻኮሽ፣ የዘለላውን መቀጨት እየሰማ ቆመ። ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ተርታ በዐሥር ደቂቃ አራገፉት።

የናዝራዊት እናት፣ ጎንደር ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ፣ መጥታ አገጩን ቀና አድርጋ ዐይኑን አየችው። «ይኼ እኮ ሞራ ነው፤ የሚገፈፍ ነው» አለች። «ምነው እስካሁን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ» አለ።

ቄስ ኪዳነወልድ ግን ነገሩን አልጨረሱም ነበር። «ከገደሉ አፋፍ ያሉት ሁለቱ ሐረጎችስ?» ብለው ጠየቁት። እነዚያ ከተርታው ውጭ፣ ከተረፈው ቅርንጫፍ የተተከሉ፣ ጥላ ስለሚበዛባቸው አንድ ወር ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው።

«ገና ጥሬ ናቸው። ሰው አልነካቸውም።»

«እንግዲያስ የዘንድሮው በኩራት እነሱ ይሁኑ። እስከዚያ ዘቢብ ከጎረቤት ደብር እንለምናለን፤ ከአስማረ ዓመት ወዲህ ለምነን አናውቅም፣ ምን ይደረግ።» ከዚያ፣ «ግን መድረሳቸውን ማን ያያል?» አሉ።

መልካሙ እጁን አነሣ። «ወጣቶቹ በየተራ ሊጠብቁ ይችላሉ። አያ አወቀም ይረፍ፤ በቃው።»

ክፋት የለውም፤ ለመልካም ብሎ ነው። ለአያ አወቀ ግን የፈራው ነገር መጣ። መቀሱን በእጁ እንደያዘ ነው። ሊመልስ ዘረጋው።

«እንዳትሰጥ!»

ድምፁ ከበሩ ነው። የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ያን ዓመት እንስራውን ካስቀመጠችበት ቦታ። ነጠላዋን አጣፋች። እግሯን አነሣችና በሩን አለፈች።

«እናንተዬ!» አለ አስማረ። «የትነበርሽ ገባች!»

መጥታ ከቄሱ ፊት ቆመች። «የኔ ዐይን ደህና ነው» አለች። «እኔ አያለሁ፣ እሱ ይቆርጣል።»

«ሸጋ ነው» አሉ ቄሱ። «ግን ምነው የትነበርሽ፣ እስከ ዛሬ ገብተሽ የማታውቂ?»

«እርስዎ ሊጠይቁት መጥተው የነበረ ጊዜ ነው አባ። እዚህ ቆማችሁ ስታወጉ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ደረስሁ። ‹ይህ ተክል ላጣሁት ካሳ ነው› ሲልዎት ሰማሁ።» ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ ካሳ የተተከለብኝ ጥፋት ከሆንሁ እግሬ እዚህ ምን ይሠራል? ብዬ ሄድሁ።»

አያ አወቀ እንስራው ትዝ አለው። በሩ ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው «ቸኩላ ነው» ብሎ ውሃውን ችግኙ ላይ አፍስሶት ነበር። አንድም ቀን አልጠየቃትም። ከጧቷ ፍሬ ይልቅ ይህ አሳፈረው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እንዲያ ማለቴ አልነበረም» አለ።

«ብለሃል።»

«ብያለሁ» አለ። «ካሳ አልነበረም የትነበርሽ። አጣሁ ያልሁትም ሐሰት ነው።»

«ታዲያ ይህን ለመናገር ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ጎለተህ?» አለችው፤ ቁጣዋ ግን እየለዘበ ነው። «ዛሬ ያን ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን ስትናገር፣ ዐይኑ እያየ ያገባኝን ሰውዬ አየሁት። ባይሆን አልገባም ነበር።»

ቄስ ኪዳነወልድ ሳይናገሩ ዞር አሉላቸው። ልጆቹ ወደ ሌሎቹ ተርታዎች ፈሰዋል። ሁለቱ በተራገፈው ሐረግ መሐል ቀሩ።

«ለመሆኑ ጣፈጠህ?» አለች።

«ጣፈጠኝ።»

«ምን ይመስላል?»

«እንዴት ምን ይመስላል?»

«ቀምሼው አላውቅማ» አለች የትነበርሽ።

አያ አወቀ በየዓመቱ ለካህናቱ ይልካል፣ ለእንግዳው ያሸክማል፣ ለልጆቹ ያድላል። ለቤቱ አንዲት ዘለላ ይዞ ገብቶ አያውቅም። ውሃ ያጠጣችው እሷ፣ ከካቡ ማዶ ምሳ ስታቀብል የኖረችው እሷ!

በካቡ ሥር ተንበረከከ። ልጆቹ ያዩትን ሁሉ ለቅመውታል፤ እሱ ግን ድሮም የሚፈልገው በዐይኑ አልነበረም። ጣቱን በቅጠሎቹ ሥር፣ ከድንጋዩና ከግንዱ መሐል ሰደደ። ዳበሰ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። ከሥሩ፣ አንድ ትልቅ ቅጠል ከሸፈናት ጥግ፣ ጭብጥ የማትሞላ ዘለላ አገኘ። ቆርጦ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

የትነበርሽ አንድ ፍሬ ነጥላ አፏ ውስጥ አደረገች። ቀስ ብላ አኘከች።

«ሸጋ ነው» አለች። «ተነሥ፤ ነጠላዬን ያዝና ወደ ገደሉ በኩል እንሂድ፣ እነዚያን ሁለት ሐረጎች ደግሞ ልይልህ።»